በቴሌግራም ለሚሸጥ ስልክ ቀብድ አስቀድሞ መላክ ተገቢ ነውን?

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦
እኅቴ ዘንድሮ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስለገባች ያገለገለ ሳምሰንግ ስልክ ልገዛላት አስቤ የቴሌግራም ቻናሎችን ስመለከት ሰነበትሁ። በመጨረሻም እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ ካሉት ሱቆች ከጠየቅሁት ዋጋ በሢሶ ያህል የሚያንስ ስልክ አገኘሁ። ሻጩ አዲስ አበባ እንደሚኖርና ስልኩን በአውቶቡስ ልኮልኝ ከመናኸሪያ እንደምቀበል ከነገረኝ በኋላ፣ ሌላ ገዢ እየጠበቀ ስለሆነ የዋጋውን ግማሽ ዛሬውኑ በቴሌብር እንድልክ አጥብቆ ይጠይቀኛል። ቻናሉ ከ40 ሺህ በላይ ተከታዮች አሉት፤ የደንበኞች ምስጋናም በስክሪንሾት ተለጥፏል። ይህን ያህል ሰው የሚከታተለው ሻጭ ያታልላል ብዬ ለማመን ብቸገርም ልቤ አላረፈም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የታቦር ጎረቤት፦
እባክዎ ቀብዱን አይላኩ። ተከታይ በገንዘብ ይገዛል፤ የቻናል ስምም በማንኛውም ጊዜ ይለወጣል። ወደ ኋላ ሄደው የመጀመሪያዎቹን ልጥፎች ቢያነቡ፣ ቻናሉ ከጥቂት ወራት በፊት ስለ እግር ኳስ ወይም ስለ ሥራ ማስታወቂያ ሲጽፍ የነበረ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ምስጋናውን መርጦ የለጠፈው ሻጩ ራሱ ስለሆነ፣ የተበደለ ሰው ቃል በዚያ ውስጥ አይገኝም፤ አስተያየት መስጫው ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬዎ ሊጠነክር ይገባል። ሻጩ በቪዲዮ ጥሪ ስልኩን አብርቶ *#06# እንዲደውልና የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር (IMEI) በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር እንዲያስተያይ ይጠይቁት። ስልኩ በእጁ ያለ ሰው ይህን ለማድረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ከአቶቴ፦
እኔ ባለፈው ዓመት በዚሁ መንገድ 6 ሺህ ብር አጥቻለሁ። ገንዘቡን ከማረጋገጤ በፊት ቴሌብር ያሳየኝ የተቀባይ ስም ከሻጩ ስም የተለየ ነበር፤ ስጠይቀው «የወንድሜ ነው» አለኝ፤ አመንሁት። በማግስቱ ዕቃው ሻሸመኔ ላይ እንደተያዘና ለማስለቀቂያ ተጨማሪ 1,500 ብር እንደሚያስፈልግ ነገረኝ፤ እርሱንም ላክሁ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሬን ዘጋው። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሁለተኛው ክፍያ ነው፤ የመጀመሪያው እንዳይባክን ስል ነበር የላክሁት። የተቀባዩ ስም ከሻጩ ስም ጋር ካልገጠመ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ እዚያው ላይ ያቁሙ።

የስልክ ነጋዴ (መናኸሪያ አካባቢ)፦
ማታለሉ በገዢ ላይ ብቻ አይደለም። ዕቃ ተረክበው የሐሰት የክፍያ መልእክት የሚያሳዩን ገዢዎች አሉ። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከተራ የስልክ ቁጥር የመጣ «ገንዘብ ገብቶልዎታል» የሚል ጽሑፍ ወይም የገዢው ስክሪንሾት ማስረጃ አይሆንም፤ ሻጭ የራሱን ሂሳብ ከፍቶ ቀሪውን ማየት አለበት። የሚስጥር ቁጥርዎንም ለማንም አይንገሩ፤ ገንዘብ ለመቀበል የሚስጥር ቁጥር አያስፈልግም።

የሕግ ተማሪ፦
ገንዘቡን የላከ ሰው ውይይቱን ሳያጠፋ፣ የግብይቱን ቁጥርና የተቀባዩን ስም ይዞ ሳይዘገይ ለፖሊስና ለአገልግሎት ሰጪው ያመልክት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለልን በወንጀል ያስቀጣል። ውይይቱን በንዴት የሚያጠፉ ብዙዎች ናቸው፤ ከእርሱ ጋር ማስረጃቸውም ይጠፋል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ሄዳ ስልኩን እንድታይልኝ አድራሻውን ብጠይቀው፣ «ቀብዱ ሲገባ እነግርሃለሁ» የሚል መልስ ሰጠኝ። ቅዳሜ ፒያሳ ወርጄ፣ ዋጋው ከፍ ቢልም፣ በዓይኔ ያየሁትን እገዛላታለሁ።