ጥቆማ ፈልጌ ነበር፦ የኢቫንጌሊዮንን 3ኛ ፊልም ልየው ወይስ ልዝለለው?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ጎበዝ። ኢቫንጌሊዮን ከሚባለው የጃፓን አኒሜ (የካርቱን ፊልም) አዲሶቹ አራት ፊልሞች ሁለቱን ጨርሻለሁ። 2ኛው ልቤን ሰቅሎ ነው ያለቀው። 3ኛውን ልጀምር ስል ግማሹ ሰው "ድንቅ ነው" ይላል፣ ግማሹ ይራገማል። ዘልዬ 4ኛውን ባይ ይገባኛል? ካልሆነስ ጥራት ያለው ቅጂ ከየት ላግኝ? ያለሁት አዲስ አበባ ነው። ደግሞ መጨረሻውን እንዳትነግሩኝ!

ሮቦት ወዳጅ፦ እንዳትዘዪው። 4ኛው የሚነሳው 3ኛው ካቆመበት ነው። ገና ሲጀምር 14 ዓመት አልፏል፤ ይሄን ማወቅሽ አይጎዳሽም። ዋናው ልጅ ሺንጂ ሲነቃ አለቃው የነበረችው ሚሳቶ ፊት ትነሳዋለች፣ የትግል ጓደኛው አሱካ ትጮህበታለች፣ ምን እንዳጠፋ ግን የሚነግረው የለም። ግራ መጋባቱ ሆን ተብሎ ነው። እሱ ያላወቀውን አንቺም አታውቂም።

መራራው፦ ሆን ተብሎ? አንድ ሰው አምስት ደቂቃ ቁጭ አድርጎ ቢያስረዳው ፊልሙ እዚያው ያልቅ ነበር። 2ኛው ያለቀ ጊዜ "በቀጣይ" ብለው ያሳዩን ነገር 3ኛው ውስጥ የለም። በፈረንጆቹ ከ2009 እስከ 2012 የጠበቅነው ለዚህ ነው?

ፍላሽ በእጄ፦ እህቴ፣ ፊልሙን ተይውና ፍላሽ ላይ ከሚጭኑት ተጠንቀቂ። እኛ ሰፈር አንዱ ጋ አራቱንም አስጫንኩ። ቤት ገብቼ ስከፍተው 3ኛው ያው 2ኛው ነው፣ ስሙን ብቻ ቀይረውታል። 4ኛው ደግሞ ሲኒማ ቤት በስልክ የተቀረፀ ነው፣ የሰው ጭንቅላት ይታያል። ተመልሼ ስጠይቀው "ጃፓንኛ ስለሆነ ነው" አለኝ።

ቅዳሜ ምሽት፦ 😂😂 ለኔ የጫኑልኝ ደግሞ ሰብታይትሉ የሌላ ፊልም ነበር። ግማሽ ሰዓት አይቼ ነው የነቃሁት።

ታማኝ ደንበኛ፦ ሁሉንም በአንድ ዓይን አትዩ። እኔ የማስጭንበት ልጅ ንፁህ ቅጂ ነው የሚሰጠው። ዓመታት ደንበኛው ነኝ።

ፍላሽ በእጄ፦ 3ኛውን ከሱ ወስደህ አየኸው?

ታማኝ ደንበኛ፦ አኒሜ አላይም። ልጁ ግን አይዋሽም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ የምመክርሽ መጀመሪያ የ1995ቱን የኢቫንጌሊዮን የቲቪ ተከታታይ እንድታዪ ነው። 26 ክፍል ነው፣ ከ2019 ጀምሮ ኔትፍሊክስ አስገብቶታል። ከዚያ የ1997ቱን መደምደሚያ ፊልም።

መራራው፦ ልጅቷ የጠየቀችው ስለ 3ኛው ፊልም ነው። በዚህ አያያዝ ከ1954ቱ ጎድዚላ ጀምሪ ልትሏት ነው።

ካዎሩ ይሻላል፦ ጎድዚላን ካነሳህ አይቀር፣ የኢቫንጌሊዮን ዳይሬክተር ሂዴያኪ አኖ 3ኛውን ከጨረሰ በኋላ ድብርት ውስጥ እንደገባ ራሱ ተናግሯል። 2016 ላይ አዲስ የጎድዚላ ፊልም ሠራ። 4ኛው የወጣው በ2021 ነው። 3ኛውን ስታዪ ይሄ ድካም ይሰማሻል፣ ለኔ የሚከብደውም የሚያምረውም በዚህ ነው። ሺንጂና ጓደኛ የሚሆነው ልጅ ካዎሩ ፒያኖ አብረው የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ስልክሽን አስቀምጪ።

ስለ ቅጂው፦ "3.33" የሚል ብታገኚ አትደናገጪ፣ ለቤት ዕይታ የወጣው ያው ፊልም ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። 4ኛው ግን ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ስለሆነ በአንድ ምሽት ሁለቱን አትሞክሪ። አማዞን ፕራይም ከነሐሴ 2021 ጀምሮ 4ኛውን ከጃፓን ውጭ አሳይቷል። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ስለሚለያይ ግን ከመክፈልሽ በፊት መኖሩን አረጋግጪ።

መራራው፦ ፒያኖውን አልክድም። ፒያኖው ጥሩ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ተከታታዩን ሳያዩ ፒያኖው ምን ይገባል?

ሮቦት ወዳጅ፦ ኧረ ተዋት! ሁለት ፊልም ጨርሳ ነው የመጣችው።

ጀማሪዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ታማኝ ደንበኛ፣ ያ ልጅ ሱቁ የት ሰፈር ነው?

ታማኝ ደንበኛ፦ ኢንቦክስ አድርጌልሻለሁ። እኔ ልኬሽ እንደሆነ ንገሪው።

ፍላሽ በእጄ፦ እዚያው ከፍተሽ ሳታዪ እንዳትከፍዪ።