ባለቤቴ ቤት ውስጥ እጥበት ጀመረ፤ ጠያቂውን እንዴት ላድርግ?

ጥያቄ (ሂሩት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)
ሰላም ናችሁ? ባለቤቴ ኩላሊቱ ስለደከመ በሆዱ በተገባለት ቱቦ ቤት ውስጥ እጥበት ጀምሯል። ማታ ማታ ማሽኑን የምገጥምለት እኔ ነኝ። ሥልጠናውን አብረን ወስደናል፣ እሱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ጥየቃው ነው። ወዳጅ ዘመድ ከሥራ በኋላ ይመጣል፣ ሳሎኑ ይሞላል፣ ማሽን ላይ የሚወጣበት ሰዓት ያልፋል። አትምጡ እንዳልል ደግሞ እሱ ዕድሜውን ታክሲ ሲነዳ ከሰው ጋር የኖረ ነው፤ ብቻውን ሲሆን ይከፋዋል። እኔም ደክሞኛል። ምን ትሉኛላችሁ?

ሰናይት
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ሰዉን አታስቀሪ፣ ሰዓቱን ቀይሪ። እኛ እናታችንን ስናስታምም ጥየቃው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲሆን አደረግን። ለሁሉም የምትደውለው አንዲት የአክስታችን ልጅ ነበረች፤ እኛ ስልክ ከማንሳት አረፍን።
"ምን እናምጣ?" ሲሉሽ ሥራ ስጫቸው። የእጥበቱ ፈሳሽ ካርቶን ሲመጣ ተሸክሞ የሚደረድር ጎረምሳ ከአንድ ኩንታል ፍራፍሬ ይበልጥብሻል። ማሽኑ ሲገጠም በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ፋን ጠፍቶ፣ ማስክ ተደርጎ፣ እጅ በደንብ ታጥቦ ነው። እኛ በሩ ላይ "እጥበት ላይ ነን፣ ሳሎን ጠብቁን" ብለን በትልቁ ለጥፈን ነበር። ማንም አልተቀየመም።

ነርሷ
የምሠራው እጥበት ማዕከል ነው። ሜዲኬር የሚሉትን የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን የሚቀበል ማዕከል ሁሉ ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ድጋፍ ባለሙያ) እንዲኖረው ግዴታ አለበት። የእሷ ሥራ ወረቀት መሙላት ብቻ አይደለም፤ የባልሽ መከፋትም የአንቺ ድካምም ይመለከታታል። እንግሊዝኛው ከከበደው አስተርጓሚ በነፃ ጠይቂ። አንቺ እየተረጎምሽለት የሆዱን አይናገርም።
ሁለት የገንዘብ ነገር ልጨምር። የቤት እጥበት ሥልጠና እጥበት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ከተጀመረ ሜዲኬር ከ1ኛው ወር ጀምሮ ሊሸፍን ይችላል። ማዕከል ሄዶ ለሚታጠብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ4ኛው ወር ነው የሚጀምረው። ስለዚህ የሜዲኬር ፎርሙ በትክክል መሞላቱን አረጋግጪ። ሌላው ኤፍ ኤም ኤል ኤ የሚሉት፣ የታመመ ቤተሰብ ለማስታመም ከሥራ ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ ነው። መሥሪያ ቤትሽ 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ካለውና አንድ ዓመት ከሠራሽ፣ በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ልታገኚ ትችያለሽ፤ ከፋፍለሽም መውሰድ ይቻላል።
እባክሽ ይህን ደግሞ ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሪ፦ የሚወጣው ፈሳሽ ከደፈረሰ፣ ሆዱን ካመመው ወይም ካተኮሰው እስኪነጋ አትጠብቁ። ተረኛ ነርስ ጋር ወዲያው ደውሉ፣ ፈሳሹ ያለበትን ከረጢትም አትጣሉት።

ጋሽ ተሾመ
እኔ ራሴ ታጣቢ ነኝ። ቤት የሚመጣው ሰው ሁሉ ደንግጦ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ነበር የሚከፋኝ። ጓደኞቹ እንደ ድሮው ስለ ኳስ፣ ስለ ሥራ ያውሩለት። ማሽን ላይ ሆኖም በስልክ መጫወት ይችላል።
ምግብ ለሚያመጡት ጨው እንዲቀንሱ ንገሪያቸው፤ ቋንጣው ይቅርበት። በሆድ በኩል ሲታጠቡ ፕሮቲን ስለሚወጣ እንቁላል፣ ዓሣና ዶሮ ያስፈልገዋል። ጾም ላይ ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይነጋገር። ፈሳሽ ተመጥኖለት ከሆነ ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካው ሁሉ ይቆጠራል።

ሂሩት
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጥየቃውን ወደ እሁድ አዞርኩት። ወንድሙ ቅርባችን ነው ያለው፤ እሱም ቢሠለጥን ይፈቀዳል?

ነርሷ
ይቻላል። የሚያሠለጥኗችሁን ነርስ ጠይቂያት፣ ቀጠሮ ትይዝለታለች። ከሥልጠናው በኋላ የተወሰኑ ማታዎችን ለእሱ ተይለትና ተኚ።