የተመደበልኝ ሜንተር አይገኝም፤ እርስ በርስ ብንማከርስ?

ጀማሪዋ (ኦሃዮ)፦
ሰላም ለቤቱ። ሜዲካል ስኩል ውስጥ ረዳት ፕሮፌሰር ሆኜ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሜንተር (ሥራዬን የሚመራኝ አንጋፋ አማካሪ) ተመድቦልኛል። ሰውዬው ደግ ነው፣ ግን ቀጠሮ በያዝን ቁጥር ስብሰባ ይገባበታል። ሰሞኑን የዓመት ግምገማዬ መጣ። ማስተማሬን አመስግኖ ከሥሩ «ኅትመት ይጎድላል» ይላል። እንደኔ ጀማሪ የሆኑ ሐበሾች አሉ፣ በየስቴቱ ተበታትነናል። በዙም እየተገናኘን እርስ በርስ ብንማከር ያዋጣል? ለማዕረግ ዕድገትስ ይቆጠራል?

ጋሽ ቦስተን፦
ልጄ፣ መጀመሪያ የቅጥር ደብዳቤሽን አውጥተሽ ትራክሽን፣ ማለትም በየትኛው የሥራ መስመር እንደተቀጠርሽ፣ እዪ። ክሊኒሺያን ኤዱኬተር (እያከመ የሚያስተምር) ከሆንሽ ካሪኩለም መቅረጹም ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) ማሠልጠኑም ይቆጠርልሻል። ቴኒዩር ትራክ (ወደ ቋሚ ቅጥር የሚያደርሰው) ከሆነ ግን ወሬው ሁሉ ግራንት፣ የምርምር ገንዘብ ነው። የኤንአይኤች (የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም) ኬ23 የሚባለው የጀማሪ ሐኪም ተመራማሪዎች ግራንት አብዛኛውን ጊዜ 75 በመቶ ሰዓትሽን ለምርምር ያስከብርልሻል፤ ግን ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃል። አር01 የሚባለው ትልቁ የምርምር ግራንት አይጠይቅም፣ አመልካቹ ዩኒቨርሲቲው ነውና። እኩዮችሽ የማይሞሉልሽ ነገርም አለ። ለኬ23 አንጋፋ ሜንተር የግድ ነው። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት የውጭ (ከሌላ ዩኒቨርሲቲ) የምስክርነት ደብዳቤ የሚጽፉልሽም በማዕረግ የሚበልጡሽ ናቸው። ሰውዬውን እንዳትለቂው።

አትላንታ፦
ጋሼ ልክ ነዎት። ግን አንጋፋው እስኪገኝ ሰው ዝም ብሎ ይቀመጥ? እኛ አራት ሆነን እንደ ዕቁብ ይዘነዋል። ባለተራው ረቂቁን ቀድሞ ይልካል፣ የቀረነው አንብበን እንገባለን። ባለፈው አንዷ ጽሑፍ ሳይሆን ኢሜይል ይዛ መጣች። አለቃዋ ሌላ ኮሚቴ ግቢ ብሏታል። ሰዓቱ ያለቀው «አልችልም» የምትልበትን መልስ አብረን ስናረቅ ነው። እሷ የጻፈችው ላይ ሦስት ይቅርታ ነበረበት። ሁሉንም አወጣንላት። (ሐበሻና እምቢ ማለት!)

የዴንቨሯ፦
ከርዕሱ ልውጣና፣ እኔን የጨረሰኝ ስሙ ነው። ቤተሰብ «ፕሮፌሰር» ሲል ገንዘብ የሞላኝ ይመስለዋል። የግል ሆስፒታል የገቡት ጓደኞቼ ከኔ የተሻለ ይከፈላቸዋል፤ ወንድሜ ግን ለኮንዶሚኒየሙ ክፍያ በደረሰ ቁጥር የሚደውለው ለኔ ነው። «አሁን የለኝም» ስለው ቅር ይለዋል። የእምቢታው ኢሜይል በአማርኛም ካለ ላኩልኝ።

ስቶክሆልም፦
እዚያ ለማዕረግ ስትንገላቱ ጥቁር አንበሳ አስተማሪ ይፈልጋል እኮ። በሕዝብ ገንዘብ ነው የተማርነው።

ሚኒሶታ፦
ወንድሜ፣ ስቶክሆልም ተቀምጦ ተመለሱ ማለት ይቀላል። ግንቦት 2017 ሥራ ያቆሙት የጤና ባለሙያዎች ምን ሲሉ ነበር? ደሞዙ አላኖር አለን አይደል? ደግሞ እኛም በነፃ አልቀረንም። በጄ ዋን (በልውውጥ ቪዛ) የመጣን ሁለት ዓመት አገር ቤት ተመለሱ የሚለውን ግዴታ ለማስነሳት ኮንራድ 30 በሚባለው ፕሮግራም ሐኪም በጠፋበት አካባቢ ሦስት ዓመት ሠርተናል። እሱም ለአንድ ስቴት በዓመት 30 ቦታ ብቻ ነው።

ስቶክሆልም፦
ተመለሱ መች አልኩ? አስተምሩ ነው ያልኩት። ካላችሁበት ሆናችሁም ይቻላል።

አትላንታ፦
እኔ ቅዳሜ ጠዋት ላይ አስተምራለሁ፣ እነሱ ጋ ከሰዓት ነው። ኔትዎርክ ካለ።

ሚኒሶታ፦
እንግዲህ አንተስ መቼ ትገባለህ? ሰዓትህን ጻፍና እንይ።