ጠዋት ነጭ ጭስ የሚለቅ አሮጌ ናፍጣ ሃይሉክስ ልግዛ ወይስ ልተወው?

ጠያቂ (አዳማ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ባለ 3ኤል ሞተር (የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ዓይነት) ሃይሉክስ ፒክአፕ ተስማምቼ ቀብድ ልከፍል ነው። ትናንት ከሰዓት ሳየው አንደኛ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሳልነግራቸው ስሄድ ግን እያንገራገረ ተነሳና ነጭ ጭስ ለቀቀ። ደላላው «ናፍጣ ሁሉ እንዲህ ነው» ይለኛል። እውነት ነው?

ባለ ጋራዡ፦ ሳትነግራቸው መሄድህ ጎበዝ! ሻጭ አሙቆ የሚያሳይህ መኪና ምንም አይነግርህም። ጭሱን አሽትተው። ዓይን የሚያቃጥል የናፍጣ ሽታ ካለውና ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ካንዴላ (ሲነሳ ሞተሩን የሚያሞቀው) ወይም ኖዝል (ናፍጣ የሚረጨው) ነው፤ ይሠራል፣ ዋጋ አስቀንስበት። ሞቆም ካልጠፋና ራዲያተሩ ውሃ የሚጎድልበት ከሆነ ግን ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ወይ ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል። ያኔ ቀብድህን ይዘህ ዞር በል።

የጭነት ሹፌር፦ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈተህ ገልብጠህ አፉ ላይ አስቀምጠው። ትንሽ ትንፋሽ ያለ ነው። ክዳኑን እያነጠረ የሚጥል፣ ጭስም ቱፍ ቱፍ የሚል ከሆነ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) አልቋል፤ ሰማያዊ ጭስም የዚያው ዘመድ ነው። ዘይቱ ጠቁሮ ብታየው አትደንግጥ፣ የናፍጣ ባሕርይ ነው። ማኪያቶ ከመሰለ ግን ውሃ ገብቶበታል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሽታው የናፍጣ ነው፣ ሲሞቅም ይጠፋል። ከተማ ውስጥ ነድቼው ሙቀቱ አልጨመረም።

የጭነት ሹፌር፦ አዳማ ውስጥ ሜዳ ላይ ማን ይሞቃል ወንድሜ? ወደ ሞጆ ዳገቱን ይዘህ ውጣ፤ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሃል ካለፈ ችግር አለ። ስትቆም ወዲያው የራዲያተር ክዳን እንዳትከፍት፣ ፊትህን ይልጥሃል።

ባለ ጋራዡ፦ ከገዛኸው መጀመሪያ ታይሚንግ ቺንጋውን (ቫልቭና ፒስተን በልክ እንዲሠሩ የሚያያይዘውን ቀበቶ) ቀይር። 3ኤል በየ100,000 ኪሎ ሜትር ነው የሚቀየርለት፤ ቆጣሪውን ግን አትመን፣ የተቀየረበት ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠረው። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ወጪው ሌላ ነው። ቺንጋውን የሚወጥረውን ኩሽኔትም አብረህ ቀይር። የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ቡሎን ላላ አድርገህ ውሃውን አፍስስ፤ ውሃ የናፍጣውን ፖምፓ ይበላል።

አንዲት እህት፦ ሁላችሁም ሞተር ብቻ! ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር አመሳክር፣ ቦሎውንም እይ። ሞተር የተቀየረበት መኪና ስም ማዛወር ላይ ያንገላታሃል።

ጠያቂ፦ ነገ ጠዋት ሊብሬውን እጠይቃለሁ። ዳገቱን ወጥቼ እነግራችኋለሁ።