በ11 አሮጌ መኪኖች ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ፦ በየት በኩል እንሂድ? ምን እንያዝ?

ጥያቄ፦ ባለ ሰማያዊዋ ቮልስ
ሰላም ቤተሰብ። የድሮ መኪና የምንወድ ጓደኛሞች ነን። ኅዳር ውስጥ አንዱን እሁድ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ደርሰን ለመመለስ አስበናል። ሰባት ቮልስ፣ ሁለት ላዳ፣ አንድ ፊያት 600 እና አንድ ፔጆ 404 አለን። ማስተባበሩ እኔ ላይ ወድቋል። በዱከም በኩል በአሮጌው መንገድ ይሻላል ወይስ በፍጥነት መንገዱ? ሳንበታተን እንዴት እንድረስ? አንዷ መንገድ ላይ ቀጥ ብትልስ? ዋናው ነገር እይታው ነው፤ ዝም ብሎ ደርሶ መመለስ አይደለም።

ባለ ላዳ
በፍጥነት መንገዱ ሂዱ። አሮጌው እስከ ዱከም ፋብሪካ፣ ባጃጅና ጋሪ ነው። ተሳቢ ከኋላችሁ ክላክስ እያስጮኸ ምኑን ሽርሽር ሆነ? በፍጥነት መንገዱ ግን ከቱሉ ዲምቱ ከወጣችሁ በኋላ ማሳ ነው። በኅዳር የአድአ ጤፍ ቢጫ ሆኖ ይተኛል። የረር በግራ፣ ዝቋላ በቀኝ ይታያችኋል። የቀኙን መስመር ይዛችሁ ቀስ በሉ። ፎቶ ለማንሳት ብሎ ዳር መቆም ግን የለም።

የሰፈሩ መካኒክ
እህቴ፣ ስለ መንገዱ ሌሎች ይንገሩሽ። እኔ ስለ ቮልሶቹ ልናገር። ቮልስ ራዲያተር የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየርና ዘይት ነው። አየሩን የሚነፋው ማራገቢያ ከዲናሞው ጋር በአንድ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ነው የሚዞረው። ስለዚህ ቀዩ የዲናሞ መብራት በመንገድ ላይ ከበራ «ባትሪ ነው፣ ቤት እደርሳለሁ» ማለት አያዋጣም። ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ዳር ይዛችሁ ሞተር አጥፉ። ትንሽ ከነዳችሁ ሞተሩን ትጠብሱታላችሁ።

መቀየሩ ከባድ አይደለም። 21 ቁልፍና አንድ ጠንካራ ካቻቢቴ ይበቃል። ካቻቢቴውን የዲናሞው ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ ብረት) ጠርዝ ላይ ካለችው ክፍተት አስገብታችሁ ትይዛላችሁ፤ ብሎኑን ትፈታላችሁ። ፑሌጃው ለሁለት ሲከፈል መሃሉ ስስ ቀለበቶች አሉ። ቺንጋው ከላላ አንድ ቀለበት ከመሃል አውጥታችሁ ከውጭ በኩል ታስሩታላችሁ። ቀለበቷን እንዳትጥሏት!

ሌላው፣ የኋላ ወንበሩን አንሱና ባትሪውን እዩ። መሸፈኛው ከሌለ፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ይነካል፤ እሳት ይነሳል። የቤንዚን ጎማውም ከደረቀ ቀይሩት። እሳት ማጥፊያ በየመኪናው ይኑር።

የቃሊቲ ልጅ
ባለ ላዳ ያለው ለአዲስ መኪና ይሠራል። አሮጌ መኪና የምታስቸግረው ብዙ ጊዜ ገና ስትነሳ ነው። በአሮጌው መንገድ ብትቆሙ ጋራዡም ጎሚስታውም ቅርብ ነው። እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ከተነሳችሁ ደግሞ መንገዱ ክፍት ነው። የማይሆነው ማታ በዚያ መመለስ ነው፤ ቃሊቲ ላይ ትቀልጣላችሁ። ስትመለሱ በፍጥነት መንገዱ ኑ። ዳገቱም ሳይቆራረጥ ይወጣል።

ባለ ላዳ
ይሄ እንኳን ያስማማናል።

ፔጆ 504
ስለ መበታተን፦ 11 መኪና በአንድ ሰልፍ አትንዱ። ሌላው ሰው መቅደሚያ ያጣል፤ ተናዶም ጥምዝ ላይ ይቀድማል። ሦስት ቦታ ተከፈሉና መሃል መሃሉን ክፍት ተዉ። በየቡድኑ ዘገምተኛዋ ትምራ። ፊያት 600ዋ ከፊት ከሆነች ማንም አይቀራትም። መጨረሻ ላይ መካኒክነት የሚሞክር ሰው መጎተቻ ገመድ ይዞ ይሁን። አንድ ሕግ ብቻ ያዙ፦ መታጠፊያ ላይ ከኋላህ ያለውን ሳታይ አትታጠፍ።

አራቱንም ፍሬቻ አብርታችሁ አትሂዱ፤ ሰርግ አይደለም። የምትታጠፉበት አይታወቅም። ክፍያ ጣቢያው ላይ መበጣጠሳችሁ አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ የምትገናኙበትን ማደያ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

አስቴር ከቢሾፍቱ
እንኳን ደህና መጣችሁ! ለእይታ ባቦጋያ ይሻላችኋል። ሐይቁ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ከአፋፉ ላይ ሆናችሁ ቁልቁል ታዩታላችሁ። ለ11 መኪና ማቆሚያ ግን ቀድማችሁ ደውሉ። ኅዳር መሆኑ ጥሩ ነው፤ በእሬቻ ሰሞን ቢሆን ወደ ሆራ መጠጋትም አይቻልም። ከኅዳር 15 በኋላ ከሆነ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ምሳ ስታዙ ተናገሩ። የዓሣውን ክርክር እዚያው ጨርሱት።

ቢጫዋ
ዝቋላስ አንወጣም?

የሰፈሩ መካኒክ
በላንድሮቨር ከሆነ ውጡ።

አራት ኪሎ
ጃንሆይን መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ናት፤ ቢሾፍቱ ምን ያቅታታል!

ባለ ሰማያዊዋ ቮልስ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጠዋት በአሮጌው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በፍጥነት መንገዱ መመለስ ብለን ቆርጠናል፤ የአንዳንዶቻችን መብራት ደካማ ስለሆነ ሳይመሽ እንገባለን። ጋሼ መካኒክ፣ ትርፍ ቺንጋ ስገዛ ልኩን እንዴት ልወቅ? የኔ ላይ ያለው ጽሑፍ ጠፍቷል።

የሰፈሩ መካኒክ
ፈትተሽ ይዘሽው ሂጂ። ሻጩ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ይለካልሽ። አሮጌው ትንሽ ይለጠጣል፤ አዲሱ በጥቂቱ ቢያጥር አትደንግጪ። አዲሱን ግጠሚና አሮጌውን ለመጠባበቂያ ያዢው፤ ካልተሰነጠቀ ነው ታዲያ።