ንጋት ላይ የሚደክም የጋዝ ምድጃ፦ ችግሩ ምንድን ነው? ስንት ግራምስ ይበቃል?

እግረኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሁለት ሰው የ3 ቀን የተራራ ጉዞ እየተዘጋጀሁ ነው። ቦታው እንጨት ማንደድ የተከለከለበት ስለሆነ የሚበስለው ሁሉ በምድጃ ነው። ያለኝ የጋዝ ጣሳው አናት ላይ የሚጠመዘዘው ትንሹ ዓይነት ነው። ማታ ደህና ይነዳል፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ከወረደ ግን ንጋት ላይ ጣሳው ውስጥ ገና ፈሳሽ እያለ ነበልባሉ ይከስማል። የተበላሸው ምድጃው ነው? ስንት ጋዝ ልያዝ? ዙሪያውን በንፋስ መከለያ ብዘጋውስ?

ነበልባል፦
ምድጃህ ጤነኛ ነው፤ ጣሳው ላይ የተጻፈውን የጋዞች ድብልቅ (ቡቴን፣ አይሶቡቴን፣ ፕሮፔን) አንብብ። የሚነደው ከፈሳሹ የሚተነው ብቻ ነው። በባሕር ወለል ግፊት ቡቴን የሚፈላው 0 ዲግሪ አካባቢ፣ አይሶቡቴን ከዜሮ በታች 12 ገደማ፣ ፕሮፔን ደግሞ ከዜሮ በታች 42 ላይ ነው። በዚያ ላይ ፈሳሹ ሲተን ሙቀት የሚወስደው ከራሱ ከጣሳው ስለሆነ፣ ምድጃው በነደደ ቁጥር ጣሳው ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። ፕሮፔኑ ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ ግማሽ የደረሰ ጣሳ ከአዲሱ ይልቅ ብርድ ይፈራል።

አይሶቡቴንና ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ግዛ፣ ቡቴን ብቻውን የሆነውን ተው። ሌሊት ጣሳውን ከምድጃው ፈትተህ የመኝታ ከረጢትህ ውስጥ አሳድረው። ስታበስል 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ለብ ያለ ውኃ ባለበት ሳህን ላይ አስቀምጠው። ለብ ያለ ነው ያልኩት፤ የፈላ ውኃም ሆነ እሳት አይጠጋውም።

ዙሪያውን መዝጋት ግን አይሆንም! ሙቀቱ ወደ ጣሳው ይመለስና ግፊቱ ይጨምራል። ንፋሱ በሚመጣበት ጎን ብቻ ከልል፣ ጣሳውን በየጊዜው በእጅህ ዳስስ፤ ከሞቀ አጥፋ።

ግራም_በግራም፦
ሒሳቡን እኔ ልሥራው። 1 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ እስከ 100 ለማድረስ 335 ኪሎጁል (የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ይፈልጋል፤ 1 ግራም ጋዝ 46 ያህል ይሰጣል። ምንም ባይባክን 7 ግራም ተኩል ይበቃ ነበር፤ ግማሹ በድስቱ ጎን ስለሚያመልጥ 15 በል፤ ለብርድና ለንፋስ 20። በቀን 3 ሊትር ብታፈሉ ለ3 ቀን 180 ግራም ነውና ባለ 230 ግራሙ አንድ ጣሳ ይበቃችኋል። በረዶ አቅልጣችሁ የምትጠጡ ከሆነ ግን እጥፍ ያዙ፤ ማቅለጡ ብቻ ከማፍላቱ ጋር የሚቀራረብ ኃይል ይበላል።

የምግብ ምርጫም ከእንጨት እሳት ይለያል። ፍም ድስቱን በእኩል ያሞቃል፤ የዚህ ምድጃ ነበልባል መሐሉን ብቻ ይመታና ወፍራም ምግብ ያሳርራል። 3000 ሜትር ላይ ውኃ በ90 ዲግሪ ስለሚፈላ ያልተዘፈዘፈ ጥራጥሬ ጋዝ ይጨርሳል እንጂ አይበስልም። ቶሎ የሚበስል ያዙ፤ አንዴ ሲፈላ አጥፉና ድስቱን በወፍራም ልብስ ጠቅልላችሁ 10 ደቂቃ ተዉት።

ባለፓምፑ፦
ብርዱ ከዚህም ከከፋ በፓምፕ ግፊት የሚሠራው የፈሳሽ ነዳጅ ምድጃ ይሻላል፤ ግፊቱን የምትሰጠው አንተ ነህና። ፕሪመስ የሚባለው ምድጃ ከ1892 ጀምሮ በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ማቃጠያው ሥር ጥቂት ነዳጅ አንድደህ ቱቦውን አሙቅ፣ እሳቱ ሊያልቅ ሲል ቫልቩን ቀስ ብለህ ክፈት። ቢጫ እየተንቦገቦገ ከነደደ ቱቦው ገና አልሞቀም፤ ዝጋና ድገም። ነጭ ጋዝ (ኬሮሲን) ጥላሸት ስለሚያበዛ የማቃጠያው ቀዳዳ ሲደፈን የሚወጋ ቀጭን መርፌ አይለይህ።

የትኛውንም ብትመርጥ ድንኳን ውስጥ አታንድድ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ እንቅልፍ አስይዞ ይገድላል።

እግረኛ፦
ተባረኩ። ጣሳውን በአውሮፕላን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ነበልባል፦
አይቻልም፣ በእጅም በሻንጣም። ምድጃውን ብቻ አጽድተህ ያዝ፣ ጋዙን እዚያው ግዛ። ስታገጥመው የጎማ ቀለበቱ እንዳልተሰነጠቀ እይ፣ መጋጠሚያውን የሳሙና ውኃ ቀባው፤ አረፋ ካወጣ አትለኩስ።