ቡቺ በጎኑ ተኝቶ አይቆይልኝም

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ቡቺ የሚባል የ2 ዓመት የሐበሻ ውሻ አለኝ። «ሙት» ስለው በጎኑ ወድቆ ጸጥ እንዲል እያስተማርኩት ነው። 3 ሳምንት ሞላኝ፤ አልሆነልኝም።

«ተቀመጥ» እና «ተኛ» አሳምሮ ያውቃል። ከተኛ በኋላ ቁራጭ ሥጋ አፍንጫው ላይ አስጠግቼ ወደ ትከሻው ቀስ ብዬ ሳዞር በጎኑ ይጋደማል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ጭንቅላቱን መሬት ላይ አያሳርፍም። ሥጋውን ስሰጠው በልቶ ብድግ ይላል። በጾም ቀን ደግሞ በዳቦ ነው የምሞክረው፤ ለዳቦ ያን ያህል አይጓጓም።

አንድ ቀን በእጄ ተጭኜ ልይዘው ሞከርኩ። ፈራ፣ ጭራውን ወሸቀ። አንጀቴን በላው። ሁለተኛ አላደርገውም።

እናቴም ቃሉን አልወደደችውም። «በቤቴ ሙት አይባልም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ለእኔም ይከብደኛል።

እስቲ ያስተማራችሁ ንገሩኝ። ሥጋውን ጭንቅላቱን ሲያሳርፍ ብቻ ልስጠው? ቆይታውን ከስንት ሰከንድ ልጀምር? ቃሉን አሁን ወደ «ዷ» ብቀይረውስ ይደናገርብኝ ይሆን? የምናለማምደው ጠዋትና ማታ፣ 5 ደቂቃ ያህል፣ ግቢ ውስጥ ነው። እባካችሁ እርዱኝ።